ታብሌቱ ስቶር ነው፤ ማን ያውጣው?

በአዲስ አበባ ዳር ዳር ያሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በቴክኖሎጂ በኩል ባዶ እጃቸውን ናቸው ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም ጀሞ አካባቢ ካለ ትምህርት ቤት ገብታችሁ ንብረት ክፍሉን ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ የሆነ ነገር አይጠፋም። ጥቂት ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች። አንድ ሁለት ፕሮጀክተር። ዕድለኛ ከሆነ ደግሞ ስማርት ቦርድ ወይም ከነካርቶኑ የተቀመጠ ታብሌት። ቁጥሩ አይበቃም፤ እሱ ላይ አንከራከርም። ግን ያለውም ቢሆን ልጆቹ ጋ አይደርስም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ለምን አይደርስም ሲባል መልሱ በየአፋችን ላይ ነው። መብራት ይጠፋል። ኢንተርኔት የለም። መምህሩ ሥልጠና አላገኘም። ሦስቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን በአንድ መስመር መብራት የሚያገኙ፣ አንድ ዓይነት ኔትወርክ ያላቸው፣ አንድ ዓይነት ደመወዝ የሚከፍሉ ሁለት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ታያላችሁ። የአንዱ ኮምፒውተር ክፍል ከጠዋት ጀምሮ ልጅ ይገባበታል። የሌላው ተቆልፏል። ልዩነቱን እየተከተላችሁ ብትሄዱ መጨረሻ ላይ ሰው ጋ ትደርሳላችሁ። ርዕሰ መምህሩ ጋ፣ የጉድኝት (በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሱፐርቫይዘሩ ጋ፣ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ጋ፣ ከፍ ሲል ደግሞ ክፍለ ከተማው ጋ።

ከትምህርት ሚኒስቴርና ከከተማው ትምህርት ቢሮ በታች፣ ከመምህሩ በላይ ያለው ይህ የመሀል እርከን ስለ ትምህርት ቴክኖሎጂ ሲወራ ስሙ አይነሳም። ሚኒስቴሩ ስትራቴጂ ያወጣል፣ ለጋሹ ዕቃ ያመጣል፣ መምህሩ ይወቀሳል። እኔ ደግሞ ነገሩ የሚያዘውም የሚለቀቀውም መሀል ላይ ነው ባይ ነኝ።

ሁለት ጓጉንቸር

እስቲ አንድ የአይሲቲ ክፍል በር ላይ እንቁም። እኔ በምኖርበት በአቃቂ ቃሊቲ ጫፍ ያለ ነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። በሩ ብረት ነው፤ ሁለት ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። በመስኮቱ ስታዩ ኮምፒውተሮቹ በልካቸው የተሰፋ ጨርቅ ለብሰው ተደርድረዋል። ጨርቁ አቧራ ጠግቧል። ባልተሸፈኑት ላይ የንብረት ቁጥራቸው በነጭ ቀለም ተጽፎ ይታያል። አንዱ ቁልፍ አይሲቲ መምህሩ ጋ ነው፤ ሌላው ንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ጋ። አንዳቸው ከቀሩ በሩ አይከፈትም። የባዮሎጂ መምህሯ ልጆቿን ይዛ ገብታ የደም ዝውውርን የሚያሳይ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ልታሳያቸው ብትፈልግ አስቀድማ በጽሑፍ ማመልከት አለባት። ስለዚህ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ልብ ትስላለች።

ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። የመንግሥት ንብረት አያያዝን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ዕቃ ሲመጣ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። ለመምህር ሲሰጥ በሞዴል 22 ወጪ ይደረግና ተረካቢው ይፈርማል። ከፈረመ በኋላ ስክሪኑ ቢሰነጠቅ፣ ቻርጀሩ ቢጠፋ ተጠያቂው እሱ ነው። ዝውውር ያገኘ ቀን ክሊራንስ ይከለከላል። የመምህር ደመወዝ ደግሞ ምን ያህል እንደሆነ እናውቃለን፤ ከእሱ ላይ የታብሌት ዋጋ ሊቆረጥ? ስለዚህ መምህሩ ባይረከብ ይሻለዋል። ንብረት ሠራተኛዋም ባታወጣ ይሻላታል። ርዕሰ መምህሩም ኦዲተር ሲመጣ ቁጥሩ ልክ ከሆነለት እፎይ ይላል። ሁሉም ራሱን ይጠብቃል፤ ሁሉም በመመሪያው መሠረት ይሠራል። ዕቃውም ሳይነካ ያረጃል። የታብሌት ባትሪ እንደሆነ ሳይሠራበትም ይሞታል።

የንብረት ቁጥጥር መኖሩ ተገቢ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ነው። ግን ልጅ ሲማርበት የተሰበረና በቸልተኝነት የጠፋ ዕቃ አንድ አይደሉም። ይህን ለይቶ «ክፍል ውስጥ በሥራ ላይ እያለ የተበላሸ መሣሪያ በኮሚቴ ታይቶ ይጠገናል ወይም ይወገዳል፤ መምህሩ ዕዳ አይገባበትም» ብሎ በደብዳቤ የሚያሳውቅ አካል ያስፈልጋል። መምህሩ ይህን ደብዳቤ ለራሱ መጻፍ አይችልም። ርዕሰ መምህሩም ብቻውን አይደፍርም። ወረዳው ከክፍለ ከተማው ጋር ተነጋግሮ ነው ሊያደርገው የሚችለው። አንድ ገጽ ናት። በጀት አትጠይቅም። የውጭ ምንዛሪም አትጠይቅም። በእኔ ግምት ካሁን በፊት ከተገዙት ዕቃዎች የብዙዎቹን ያህል ለውጥ ታመጣለች።

የሚጠየቀው ምንድን ነው?

ሱፐርቪዥን ሲመጣ ቼክሊስት ይዞ ነው። ስንት ኮምፒውተር አላችሁ? ስንቱ ይሠራል? አንድ ኮምፒውተር ለስንት ተማሪ ይደርሳል? ሚኒ ሚዲያው አለ? ርዕሰ መምህሩ መልሱ በእጁ ነው። ፎልደሩን ያወጣል፤ ክፍሉ ለዚያ ቀን ይከፈታል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። ባለፈው ሳምንት በየትኛው የሒሳብ ወይም የፊዚክስ ርዕስ ላይ ተጠቀማችሁበት? ከዚያስ በኋላ ልጆቹ ምን ሠሩ? ይህ ጥያቄ ብዙም አይሰማም። ሰው ደግሞ የሚዘጋጀው ለሚጠየቀው ነው። የሚጠየቀው ቁጥር ከሆነ ቁጥር ያሳያችኋል።

የትምህርት ቤት ኢንስፔክሽን ማዕቀፉ ራሱ ከዚህ የተሻለ ሐሳብ አለው። ትምህርት ቤቶች ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ሲመዘኑ ግብዓት 25 በመቶ፣ ሂደት 35 በመቶ፣ ውጤት 40 በመቶ እንዲይዝ ተደርጎ ነው የተቀረጸው። የግብዓት ጠቅላላ ድርሻ ሩብ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ ከዚያ ሩብ ውስጥ አንዷ ክፍልፋይ ብቻ ናት፤ ሕንፃውም መጽሐፉም መምህሩም እዚያው ውስጥ ናቸው። ሦስት አራተኛው ክፍል ውስጥ የሚሆነውና ልጁ የሚያመጣው ውጤት ነው። ቴክኖሎጂ ላይ ስንደርስ ግን ይህን ሁሉ ረስተን ቆጠራ ላይ እንቀራለን።

ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የሚሰጠውን የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ሥልጠናም በዚሁ ዓይን እዩት። ነፃ ነው፤ በኦንላይን ነው፤ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አንድሮይድና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያስተምራል። ጥሩ ዕድል ነው፤ መምህራንም እየወሰዱት ነው። ነገር ግን ወደ ላይ የሚሄደው ሪፖርት ስንት ሰው ሠርተፍኬት አገኘ የሚል ነው። የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ኮርሱን የጨረሰች የሒሳብ መምህርት በክፍሏ የተማሪዎቿን ውጤት ተንትና ማን የት ጋ እንደሚቸገር ብታወጣ፣ ያንን የሚያይላት ሱፐርቫይዘር አለ ወይ? ይህ ነው የአመራር ሥራ።

ፕላዝማው የነገረን

በሽታው አዲስ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተተክሎ ትምህርት በሳተላይት መሰራጨት ጀመረ። ዝግጅቱ ደቡብ አፍሪካ የተሠራ ነበር፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ፍጥነቱ የእነሱ። ስርጭቱ ስለሚያልፍ ማቆም የለም፤ መመለስ የለም። መብራት ከሄደ የዚያ ቀን ትምህርት ሄደ። መምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ የቀረውን ከተማሪዎቹ ጋር ቆሞ ያያል።

በዚያ ዘመን ከተማሩት መካከል ቤተ ሙከራ ጭራሽ ያልነበራቸው አሉ። የኬሚስትሪ ሙከራን መጀመሪያ ያየነው በፕላዝማ ነው ይላሉ፤ ጠቅሟቸዋል። ሌሎች ደግሞ «ቲቸር፣ ይሄ ምንድን ነው?» ለማለት ፋታ አልነበረም ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔን የሚገርመኝ በመሀል ያሉት የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ድርሻ ነው። ማስተከል፣ መጠበቅ፣ ሲበላሽ ማሳወቅ። «የእኛ ልጆች እንግሊዝኛው ከብዷቸዋል፤ ይህን ክፍለ ጊዜ ቀድተን ቀስ ብለን እንየው» ለማለት ሥልጣኑም መሣሪያውም አልነበራቸውም። ከላይ የመጣ ነገር ከላይ እንደመጣ አለፈ። ዕቃው ሲያረጅ ደግሞ የሚተካው ሐሳብ የነበረው ሰው አልተገኘም።

በኮቪድ ጊዜም ይኸው ታየ፤ በሌላ መልክ። መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ ወደ ሬዲዮ፣ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ቴሌግራም ዞረ። ቢሮው በአቅሙ ፈጠነ። የዳር ሰፈር ልጆች ግን ብዙዎቹ ቤታቸው ያለው ስልክ የአባት ነው፤ አባት ደግሞ ሥራ ይዞት ይሄዳል። ማታ ሲመለስ ልጁ ተኝቷል ወይ ፓኬጁ አልቋል። ማን ሬዲዮ አለው፣ ማን ቴሌቪዥን አለው፣ ማን ምንም የለውም የሚለውን ቤት ለቤት የሚያውቅ አካል ቢኖር ወረዳው ነበር። የከተማው ቢሮ ይህን ከላይ ሆኖ ሊያውቅ አይችልም። ሚኒስቴሩማ ጭራሽ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር በራሱ አድጓል፤ ቴሌግራም። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመ መጽሐፍ አልደርስ ብሎ ልጆች በፒዲኤፍ ነበር የተማሩት። መምህራን በራሳቸው ስልክ፣ በራሳቸው ፓኬጅ እያወረዱ ለወላጅ ልከዋል። ወላጁ ኢንተርኔት ቤት ወስዶ የሚያስፈልገውን ምዕራፍ አሳትሟል። በዳር ሰፈር ከፍተኛ ጥቅም የሰጠ የትምህርት ቴክኖሎጂ ይሄ ይመስለኛል። ማንም አላቀደውም። ማንም ለመምህሩ ፓኬጅ አልገዛለትም። የበጀት መደብ የለውማ።

ከሌላ ሀገር ሁለት ወረዳዎች

አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድረው ዲስትሪክት የሚባል የአካባቢ መሥሪያ ቤት ነው። ከእኛ ወረዳና ክፍለ ከተማ የበለጠ ሥልጣን አለው፤ በጀቱን ራሱ ይመድባል፤ የተመረጠ ቦርድ አለው። ሁለት ዲስትሪክቶችን ማወዳደር ግን ይጠቅመናል፤ አንዱ ሀብታም ነበር፣ አንዱ ድሃ።

ሀብታሙ ሎስ አንጀለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ለየተማሪው አይፓድ ለማዳረስ 1.3 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ዕቅድ ጀመረ። ልጆቹ የተዘጋባቸውን ድረ ገጾች በቀናት ውስጥ መክፈቻ ዘዴ አገኙ። መምህራኑ በቂ ዝግጅት አልነበራቸውም። አይፓዱ ላይ የተጫነው ማስተማሪያ ራሱ ያላለቀ ነበር። በዓመቱ የዲስትሪክቱ ኃላፊ ጆን ዴሲ ሥልጣን ለቀቁ፤ በ2015 ደግሞ ዲስትሪክቱ ገንዘቤ ይመለስልኝ እስከ ማለት ደረሰ።

ድሃው ሙርስቪል ነው፤ በሰሜን ካሮላይና ያለች ትንሽ ከተማ። ለአንድ ተማሪ በሚያወጣው ወጪ ከግዛቱ 115 ዲስትሪክቶች 100ኛ ነበር። ኃላፊው ማርክ ኤድዋርድስ ከ4ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ላፕቶፕ ለመስጠት ሲወስኑ ከመምህራኑ ጀመሩ። መጀመሪያ መምህሩ ያዘው፣ ተለማመደው፣ ከዚያ ልጁ። ሥልጠናውም የአንድ ጊዜ ወርክሾፕ ሆኖ አልቀረም፤ ዓመቱን ሙሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 80 በመቶ የነበረው የሁለተኛ ደረጃ ምሩቃን ድርሻ በ2011 91 በመቶ ደረሰ፤ በፈተና ውጤትም ከግዛቱ 3ኛ ሆነ። መልካሙን ብቻ እንዳላወራ፣ በዚያው ጊዜ በበጀት ምክንያት መምህራን ተቀንሰው የክፍል ተማሪ ቁጥር ጨምሯል። ውጤቱም ሁሉ የላፕቶፕ ነው ማለት አይቻልም። ለእኔ የሚታየኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ሎስ አንጀለስ ከግዢ ጀመረ፤ ሙርስቪል ከመምህር።

ፔሩም ከ1 ሚሊዮን በላይ ላፕቶፕ አዳርሳ፣ ከማስተማር ዘዴው ጋር ስላላዋሃደችው የልጆቹ ውጤት እንዳልተሻሻለ ዩኔስኮ በ2023ቱ ዓለም አቀፍ የትምህርት ክትትል ሪፖርቱ ጽፏል። እዚያው ሪፖርት ላይ የትምህርት ቴክኖሎጂ ምርቶች በአማካይ በየ36 ወሩ ይቀየራሉ ይላል። ሦስት ዓመት ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ምክንያቱም የእኛ ወረዳ ኃላፊ ሦስት ዓመት በአንድ ወንበር ከቆየ ዕድለኛ ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊነት ሹመት ነው። ሰውየው ነገሩን አጥንቶ፣ ከርዕሰ መምህራኑ ጋር ተግባብቶ ሥራ ሊጀምር ሲል ወደ ሌላ ሴክተር ይዛወራል። ጎበዝ ርዕሰ መምህርም እንዲሁ፤ አንድ ትምህርት ቤት ሲያስተካክል ሌላ የተበላሸ ይሰጠዋል። የጀመረው ነገር በጽሑፍ ስላልተቀመጠ አብሮት ይሄዳል። አዲሱ ሰው ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም በአዲስ ዕቃ ጥያቄ።

ስንችል አይተናል

በዚህ ከተማ የመሀል እርከን አመራር አይችልም የሚል ሰው የትምህርት ቤት ምገባውን ይመልከት። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በከተማ አስተዳደሩ በጀት ሲካሄድ በየትምህርት ቤቱ የሚያበስሉ እናቶች አሉ። የሚመገቡ ልጆች ይቆጠራሉ። ምግቡ አንድ ቀን ቢዘገይ የሚጠየቅ ሰው አለ፤ ያ ሰው ስልኩ ይጮሃል። ዳር ሰፈር ላይ ቁርሱን በልቶ የማይመጣ ልጅ ብዙ ስለነበር ለውጡን በዓይናችን አይተናል። እንከን የለውም አልልም። ግን በሺዎች የሚቆጠር ልጅ በየቀኑ በሰዓቱ ማብላት ከታብሌት ክፍል ማስገባት የቀለለ ሥራ አይደለም። ምገባው የሚሠራው የሚጠየቀው ነገር ግልጽ ስለሆነ ነው፤ ልጁ በላ ወይስ አልበላም? ለአይሲቲ ክፍሉም እንደዚህ ያለ አጭር ጥያቄ ያስፈልገዋል፤ ልጁ ዛሬ ተጠቀመ ወይስ አልተጠቀመም?

የዳር ሰፈር የራሱ ችግርም አለ። ኮንዶሚኒየሙ በአንድ ጊዜ በሺዎች ያሰፍራል፤ ትምህርት ቤቱ በዓመታት ነው የሚደርሰው። ክፍሉ ይጨናነቃል፤ የአይሲቲ ክፍል የተባለው ሳይቀር መማሪያ ክፍል ይሆናል። መምህሩ ከመሀል ከተማ በሁለት ታክሲ ነው የሚመጣው፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለሥልጠና ይቅር ብትሉት ሰልፉ ያሳስበዋል። የተሻለ ዝውውር ሲያገኝ ይሄዳል። ወሰኑም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባን የሚያዋስናት ሸገር ከተማ ነው፤ ኮዬ ፈጬ አካባቢ ጎረቤታሞች ልጆቻቸውን የሚልኩት በሁለት የተለያዩ ቢሮዎች ሥር ወዳሉ ትምህርት ቤቶች ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥም በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። የኦሮሚያ ትምህርት ቢሮ ያዘጋጀውን የአፋን ኦሮሞ የትምህርት ቪዲዮና ድምፅ እዚህ ያለ መምህር ቢጠቀምበት ምን ይጎዳል? አንድ ፍላሽ ይዞ ወሰኑን የሚሻገር የወረዳ ባለሙያ ነው የሚያስፈልገው። ደብዳቤው ከላይ እስኪወርድ ከተጠበቀ ግን ዓመቱ ያልቃል።

የግል ትምህርት ቤቱን ብዙ አላነሳም። ከፍሎ የሚያስተምር ወላጅ የቤት ሥራውን በአፕ ያያል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ወላጅ ይህን ሲሰማ የሚሰማውን ስሜት ግን አውቀዋለሁ።

ለምን አሁን?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኦንላይን እየተሰጠ ነው። በሂደት ሁሉም ወደዚያ እንደሚሄድ አቅጣጫው ግልጽ ነው። ፈተናው ራሱ ከባድ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.2 በመቶ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሱ። አሁን በዚህ ላይ ማውዝ ጨምሩበት። ጥያቄውን ወደ ታች እያወረደ ማንበብ፣ መልስ መርጦ ወደ ኋላ ተመልሶ መቀየር፣ ሰዓቱን ስክሪኑ ጥግ ላይ መከታተል። ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ልጅ ይህን ሳያስበው ይሠራዋል። የዳር ሰፈር ልጅ ግን መጀመሪያ ማውዝ የሚይዘው የተቆለፈው ክፍል ለአንድ ሳምንት ተከፍቶለት ከሆነ፣ የሚያውቀውን ጥያቄ በእጁ ምክንያት ሊስት ይችላል። ይህ ኢፍትሐዊ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በሳምንት አንዴ የትምህርት ቤቱን የራሱን ፈተና በኮምፒውተር ማስፈተን ኢንተርኔት እንኳ አይጠይቅም። ኮምፒውተሮቹን በገመድ አገናኝቶ፣ አንዱን ሰርቨር አድርጎ ይሠራል።

ኢንተርኔትን ካነሳን አይቀር፣ የኔትወርክ አለመኖር ለምክንያትነት ከመጠን በላይ ተጠቅመንበታል ብዬ አምናለሁ። ኮሊብሪ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር የተዘጋጀው ኢንተርኔት ለሌለው ትምህርት ቤት ነው። የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሙከራዎችን በስክሪን የሚያሠራው ፌትም አንዴ ከወረደ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ከባዱ ነገር ማውረዱ አይደለም። ከእኛ መጽሐፍ ጋር አዛምዶ «የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ ምዕራፍ ሦስት ስትደርሱ ይህችን ተጠቀሙ» ማለት ነው። አንድ መምህር ብቻውን አይችለውም። አንድ ጉድኝት ውስጥ ያሉ ትምህርት ቤቶች የፊዚክስ መምህራን ተሰብስበው በአንድ ክረምት ይጨርሱታል። ሰብሳቢ ካለ። መምህራን ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ የሚሞሉት ሰዓት አለ፤ አብዛኛው ፎርም በመሙላት ያልቃል። ለዚህ ይዋል።

ጥገናውም እንደዚያው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ቴክኒሻን ይቀጠርለት ቢባል በጀት የለም። ለአንድ ጉድኝት አንድ ቴክኒሻን ግን ይቻላል፤ በሳምንት አንድ ቀን በየትምህርት ቤቱ የሚዞር፣ ከሁለት የተበላሹ ኮምፒውተሮች አንድ የሚሠራ የሚያወጣ። በየሰፈሩ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አለ፤ ተማሪዎቹ ደግሞ የትብብር ሥልጠና የሚያደርጉበት ድርጅት ፍለጋ ይንከራተታሉ። እዚያ ያለ ልጅ ትምህርት ቤት ሄዶ ራም ቢቀይር፣ ዊንዶውስ ቢጭን ለሁለቱም ይጠቅማል። ይህን ለማገናኘት ስልክ የሚደውል ኃላፊ በቂ ነው።

ወረዳው ሁሉን ይችላል እያልኩ አይደለም። የመብራት መስመር አይዘረጋም፤ የመምህር ደመወዝ አይጨምርም፤ ክፍል አይገነባም። በጀቱም በአብዛኛው ደመወዝ ነው። የወረዳ ባለሙያዎችም ከላይ በሚወርድ የሪፖርት ፎርም ተጨናንቀው እንደሚያመሹ አውቃለሁ፤ ብዙዎቹ መምህር የነበሩ፣ ልጅ የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ለዚህም ነው ቢሮውና ክፍለ ከተማው የሚጠይቋቸውን መቀየር ያለባቸው። ሱፐርቫይዘሩ ቼክሊስቱ ላይ «ስንት ኮምፒውተር አለ» የሚለውን ሰርዞ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ክፍለ ጊዜ፣ በየትኛው ርዕስ» የሚለውን እንዲጽፍ ካልተፈቀደለት ብቻውን አይችልም።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የወረዳውም የትምህርት ቤቱም የቀጣይ ዓመት ዕቅድ የሚዘጋጀው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። ወላጅ መምህር ኅብረቱ፣ ወመህ የምንለው፣ ዕቅዱ ላይ ሐሳብ የመስጠት መብት አለው። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ስለ ዩኒፎርምና ስለ አጥር ስናወራ እነዚህንም እናንሳ። የአይሲቲ ክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው? የሂሳብ መምህሩ ሳያመለክት መግባት ይችላል ወይ? ዕቃ ቢሰበር ማን ይከፍላል፣ የጽሑፍ መልስ አለ ወይ? ልጄ በዚህ ወሰነ ትምህርት ስንት ጊዜ ኮምፒውተር ነካ? ርዕሰ መምህሩ «ይህ ከእኔ በላይ ነው» ካለ፣ የወረዳው ተወካይ በሚቀጥለው ስብሰባ ተገኝቶ እንዲመልስ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።